ራስ ዳሸን አጠረ እንዴ?

ጥያቄው፦ «ልጄ 6ኛ ክፍል ናት። የራስ ዳሸንን ከፍታ 4,620 ሜትር ብላ ጽፋ ኤክስ ተደረገባት። መልሱ 4,550 ነው አሏት። እኔም በጊዜዬ የተማርኩት 4,620 ብዬ ነው። ስልኬ ላይ ስፈልግ ደግሞ 4,533 የሚልም አገኘሁ። በአፍሪካ ስንተኛ ነው ብዬ ሳይ አንዱ 4ኛ ይላል፣ ሌላው 10ኛ። ተራራው አጠረ ወይስ የሚለኩት ሰዎች አይስማሙም? ልጄ ጭራሽ ‹ሜትሩን ከየት ጀምረው ነው የሚዘረጉት?› ብላ ጠየቀችኝና መልስ አጣሁ።»

መልስ፦

ይቅርታ ያድርጉልኝና ልጅዎ ከእርስዎ የተሻለ ጠይቃለች። በቅየሳ ሥራ ብዙ ዓመት ቆይቻለሁ። ስለ ተራራ ከፍታ ሰው ሲከራከር በሰማሁ ቁጥር የክርክሩ ሥር እሷ የጠየቀችው ነው። ዜሮው የት ነው? እሱን ሳይነጋገሩ ቁጥር ይወራወራሉ።

በእርስዎ ጥያቄ ልጀምር። ራስ ዳሸን አላጠረም። 70 ሜትር ማለት ሃያ ፎቅ ያህል ሕንፃ ነው። ያን የሚያክል ድንጋይ ከስሜን ተራሮች ቢናድ ደባርቅ ቀርቶ ጎንደርም ሳይሰማ አይቀርም። ተራራው ባለበት አለ። የተለወጠው ቁጥሩ ነው።

4,620 የቆየ ቁጥር ነው። በመማሪያ መጻሕፍት፣ በካርታና በታወቁ የውጭ መዛግብት ለረጅም ጊዜ ሲታተም ኖሯል። አሁን በብዛት የሚሠራበት 4,550 ነው። እኔም የምጠቀመው እሱን ነው። 4,533 የሚለውም ከጥቂት ካርታዎች ላይ አይጠፋም፤ ከ4,550 ጋር ያለው ልዩነት ግን 17 ሜትር ብቻ ስለሆነ ብዙ አያስጨንቀኝም። 70 ሜትሩ ነው የሚያስገርመው።

70 ሜትር ስህተት ከየት ይመጣል? ከሽሮ ድስት ልነሣ። አዲስ አበባ ላይ ውሃ 100 ዲግሪ ሳይደርስ፣ 92 ወይም 93 ላይ ይፈላል። ባቄላና ሽምብራ አልበስል እያለ ጋዝ የሚፈጀው አንድም ለዚህ ነው። ራስ ዳሸን አናት ላይ ቢጥዱት 85 አካባቢ ይፈላል። ወደ ላይ በወጡ ቁጥር የአየሩ ግፊት ስለሚቀንስ ነው። የድሮ ተጓዦች ይህንኑ ነበር የሚጠቀሙት። ባሮሜትር (የአየር ግፊት መለኪያ) ይይዛሉ፣ ወይም ውሃ አፍልተው ቴርሞሜትር ይነክራሉ፣ ከዚያ ከፍታውን ያሰላሉ። ፌሬና ጋሊኒዬ የተባሉት ሁለት የፈረንሳይ መኮንኖች እ.ኤ.አ. በ1841 ራስ ዳሸን ላይ ሲወጡ ዘመኑ ያ ነበር። (ከእነሱ በፊት የወጣው የአገሬው እረኛ ማስታወሻ አልያዘም፤ ስለዚህ መዝገቡ የእነሱ ሆነ።)

የዚህ ዘዴ ጣጣ አየሩ አለመርጋቱ ነው። በዚያ ከፍታ የአንድ ሄክቶፓስካል (የግፊት መለኪያ አሃድ ነው) ልዩነት 13 ሜትር ያህል ይሆናል። በእኛ አካባቢ ደግሞ ዝናብና ነፋስ ባይኖር እንኳ ግፊቱ በቀን ሁለት ጊዜ ከፍ ዝቅ ይላል። ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ከፍ ይላል፤ ከሰዓት አሥር ሰዓት ላይ ዝቅ ይላል። አንዱ ሰው ጠዋት፣ ሌላው ከሰዓት ቢለካ በዚህ ብቻ ሃያ ሠላሳ ሜትር ይለያያሉ። የአየሩን ሙቀት ትንሽ ከሳቱት ሌላ ሃያ ይጨመራል። 4,620 በዚህ መንገድ መጣ ማለቴ አይደለም። ያኔ 70 ሜትር መሳት ብርቅ አልነበረም ማለቴ ነው።

ከዚያ ዘመኑ ተቀየረ። በየካቲት 2000 እ.ኤ.አ. ኢንዴቨር የተባለችው የአሜሪካ መንኮራኩር ራዳር ጭና አሥራ አንድ ቀን ምድርን ስትዞር አብዛኛውን የየብስ ክፍል ለካች። ከዚያ በኋላ ነው በብዙ አገር ያሉ የቆዩ ቁጥሮች አንድ በአንድ የተፈተሹት። ራዳሩም ግን ፍጹም አይደለም። መሬቱን በትናንሽ አራት ማዕዘን ከፋፍሎ ለእያንዳንዷ አማካይ ይሰጣል። ሹል ጫፍ ሲያጋጥመው ይላጨዋል። ጥቂት ሜትር ቢቀንስ አይደንቅም፤ 70 ሜትር ግን አይላጭም።

አሁን ወደ ልጅቷ። ሜትሩ የሚጀምረው ከባሕር ጠለል ነው። ይህን መጽሐፉም ይላል። ሞገዱ ይነሣል ይወርዳል፣ ማዕበሉ ይመጣል ይሄዳል፤ ለብዙ ዓመት ተመዝግቦ አማካዩ ይወሰዳል። እስከዚህ ቀላል ነው። አስቸጋሪው ባሕሩ ስሜን ተራሮች ሥር አለመኖሩ ነው። «እዚህ ድረስ ቦይ ተቆፍሮ ባሕሩ ቢገባ ውሃው የት ላይ ይቆም ነበር?» ብለን መጠየቅ አለብን። ያ የታሰበ የውሃ ወለል ጂኦይድ ይባላል።

ጂኦይድ እንደ ብርጭቆ ውሃ ልሙጥ አይደለም። ከባድ ድንጋይ ባለበት ስበቱ ውሃውን ወደራሱ ይጎትታል፤ በሌላው ቦታ ይጎድላል። ከህንድ በስተደቡብ ያለው ባሕር ለስሌት ከምንጠቀምበት ልሙጥ የምድር ቅርጽ 100 ሜትር አልፎ ወደ ታች ሰጥሟል። መርከበኛው ግን አንዳች ቁልቁለት አይሰማውም። ጂፒኤስ የሚያውቀው ልሙጡን ቅርጽ ብቻ ነው። ስለዚህ የጂፒኤስ ቁጥር በጂኦይድ ካልታረመ ከባሕር ጠለል ጋር አይገጥምም። ኪሊማንጃሮ ላይ ይህ ልዩነት ከ15 ሜትር ይበልጣል። ተራራ ላይ ቆመው ስልክዎ ከጓደኛዎ ስልክ የተለየ ከፍታ ቢነግርዎት ስልኩን አይጣሉት። አንዱ አርሞ፣ ሌላው ሳያርም ሊሆን ይችላል።

የኪሊማንጃሮን 5,895 ሁሉም ሰው ያውቀዋል። ቁጥሩ የ1952 ልኬት ነው። በ1999 እና በ2008 ጂፒኤስ ተሸክመው የወጡ ባለሙያዎች ሦስት አራት ሜትር ዝቅ ያለ ቁጥር ይዘው ወረዱ። 5,895 ግን አሁንም በይፋ እንዳለ ነው። ቁጥርም እንደ ሰው ስም አንዴ ከለመደ አይለቅም።

ከሁሉም የማደንቀው የኤቨረስትን ታሪክ ነው። ያኔ ስሙ እንኳ አልነበረም፤ «ጫፍ 15» ይሉት ነበር። ኔፓል አላስገባም ስላለች የእንግሊዝ ቀያሾች ህንድ ሜዳ ላይ ቆመው፣ ከ170 ኪሎ ሜትር በላይ ርቀት በቴዎዶላይት (ማዕዘን በሚለካ የቀያሽ መነጽር) አነጣጠሩት። ከደብረ ብርሃን ሆነው አዲስ አበባን አልፈው፣ የመንገዱን ግማሽ ያህል ጨምረው ማየት እንደ ማለት ነው። ብርሃን በዚያ ሁሉ አየር ውስጥ ሲያልፍ ይጎብጣል፤ ጉብጠቱ መታረም አለበት። ምድርም ክብ ናት፤ እሷም ትታረማለች። ስሌቱን የሠራው ራድሃናት ሲክዳር የተባለ የቤንጋል ሒሳበኛ ነው። በ1856 ይፋ የሆነው ቁጥር 29,002 ጫማ ነበር፤ 8,840 ሜትር ማለት ነው። እንደሚወራው ስሌቱ የሰጠው ድፍን 29,000 ነበር። አለቃው አንድሩ ዎ «ሰው በግምት የተጻፈ ይመስለዋል» ብሎ ሁለት ጫማ ጨመረበት። እንግዲህ ኤቨረስት አናት ላይ መጀመሪያ ጫማ ያሳረፈው እሱ ነው።

ዛሬ ያለው ቁጥር 8,848.86 ነው። የሳቱት ዘጠኝ ሜትር ብቻ ነው! በ170 ኪሎ ሜትር ርቀት፣ በመነጽርና በእጅ ሒሳብ። እኔ ዛሬ በተሟላ መሣሪያ የአንድ ኮረብታ ልኬት ሳይገጥምልኝ ሲቀር እነሱን አስታውሼ አፍራለሁ።

ያ ቁጥር ራሱ ጭቅጭቅ ነበረበት። ቻይና በ2005 ለክታ 8,844.43 አለች። ኔፓል 8,848 ነው አለች። ሁለቱም ልክ ነበሩ። ቻይና የለካችው ድንጋዩን ነው፤ ኔፓል በላዩ ያለውን በረዶ ጨምራ ትቆጥራለች። የኔፓል ቀያሾች በግንቦት 2019፣ የቻይናዎቹ በግንቦት 2020 አናቱ ላይ መሣሪያ ተከሉና ታኅሣሥ 2020 ላይ ሁለቱ አገሮች አንድ ቁጥር አብረው አወጁ። በረዶው ተቆጥሯል። በረዶ መቁጠር ግን ዋጋ አለው። የአውሮፓው ሞን ብላን አናቱ በረዶ ነው፤ በየሁለት ዓመቱ ይለኩታል። በ2021 ላይ 4,807.81 ነበር፤ በ2023 ደግሞ 4,805.59 ሆነ። ከሁለት ሜትር በላይ ሄደ። «ተራራው አጠረ እንዴ?» የሚለው ጥያቄዎ ለእሱ ቢሆን ኖሮ መልሴ «አዎ» ነበር። የራስ ዳሸን አናት ግን ባዶ ድንጋይ ነው፤ በረዶ ቢጥልበትም አይቆይም።

አሁን 4ኛ ወይስ 10ኛ? እዚህ ላይ ጥፋቱ የሜትር አይደለም፤ የቆጠራ ነው።

አንድን ተራራ ሙሉውን እንደ አንድ ከቆጠርን የአፍሪካ ሰልፍ እንዲህ ነው። ኪሊማንጃሮ 5,895፣ ኬንያ 5,199፣ በኡጋንዳና በኮንጎ ድንበር ያለው ሩዌንዞሪ በስታንሊ ጫፉ 5,109። ከዚያ የታንዛኒያው ሜሩ 4,562 (የቆየው ቁጥሩ 4,566 ነው)፣ ከዚያ ራስ ዳሸን 4,550። አምስተኛ ማለት ነው። ራስ ዳሸንን 4,620 ካልነው ሜሩን ይበልጥና አራተኛ ይሆናል። የድሮው «4ኛ» የሚለው በዚህ ነው የሚቆመው። አዲሱን ሜትር እየጻፉ የድሮውን ደረጃ ይዘው የቀሩ ጽሑፎች ብዙ ናቸው። ሁለቱ አብረው አይሄዱም።

«10ኛ» የሚሉት ደግሞ ሩዌንዞሪን ይበትኑታል። ስታንሊን፣ ስፒክን፣ ቤከርን፣ ኤሚንን፣ ጌሲንና ሉዊጂ ዲ ሳቮያን ስድስት ተራራ አድርገው ይቆጥራሉ። የመጨረሻው 4,627 ሜትር ስለሆነ ሁሉም ራስ ዳሸንን ይቀድማሉ። እኔ ይህን አልወደውም። ሩዌንዞሪን ከበተኑ የኪሊማንጃሮን ሁለተኛ ጫፍ ማዌንዚንም ለብቻው መቁጠር ነበረባቸው፤ 5,149 ሜትር ነው። እሱን ግን ይዘሉታል። በአንድ ሚዛን ካልሆነ ምን ዋጋ አለው?

በሜሩና በራስ ዳሸን መካከል ያለው ደግሞ 12 ሜትር ብቻ ነው። ቅድም ስለ ልኬት ስህተት ያወራነውን ካስታወሱ በዚህች ልዩነት አንገት ለአንገት መተናነቅ አያስፈልግም። «4ኛ ወይም 5ኛ» ብሎ ማለፍ ይሻላል።

ራስ ዳሸን ከምር የሚያኮራበት ሌላ ሚዛን አለ፤ ሰው ስለማያውቀው ነው እንጂ። ከራስ ዳሸን አናት ተነሥተው ከእሱ ወደሚበልጥ ሌላ ተራራ በእግር ይሂዱ እንበል። በተቻለ መጠን ሳይወርዱ፣ ከፍ ከፍ ያለውን መንገድ መርጠው። ቢያንስ እስከ ስንት ሜትር መውረድ ግድ ይሆናል? ወደ ኬንያ ተራራ ሲሄዱ 553 ሜትር አካባቢ እስኪደርሱ መውረድ አለብዎት። ከ4,550 ላይ ይህን ሲቀንሱ 4,000 ሊሞላ ሦስት ሜትር የጎደለው፣ 3,997 ይቀራል። ይህ ተራራው ለብቻው የወጣው ቁመት ነው።

በዚህ ሚዛን ከኪሊማንጃሮ (5,885) ቀጥሎ በአፍሪካ ሁለተኛው ራስ ዳሸን ነው። ከኬንያም ከሩዌንዞሪም ይበልጣል። በዓለም ሁለተኛው ረጅም ተራራ ኬ2 8,611 ሜትር ነው፤ የብቻ ቁመቱ ግን 4,020 ብቻ። ከራስ ዳሸን ጋር እኩል ለእኩል ሊባሉ ምንም አልቀራቸው። ሎትሴን ደግሞ ይዩት። 8,516 ሜትር፣ በዓለም አራተኛ። የብቻ ቁመቱ 610 ሜትር ነው፤ ኤቨረስት ትከሻ ላይ ቁጭ ያለ ልጅ በሉት።

ስሜን የሄደ ሰው ይህን በጉልበቱ ያውቀዋል። ከጨነቅ ተነሥተው የቧሂትን መተላለፊያ 4,200 ሜትር ላይ ይሻገራሉ። «ደረስን» ሲሉ መንገዱ ቁልቁል ይዞ ይሄዳል። መሸሃ ወንዝ 2,800 ላይ ነው። ያን ሁሉ ወርደው እንደገና ይወጣሉ። መጀመሪያ የሄድኩ ጊዜ በቅሎ ነጂያችን ፊቴን አይቶ «ጌታዬ፣ ተራራው ገና አልተጀመረም» አለኝ። ስለ ተራራ ቁመት ከዚያ የተሻለ ትምህርት አላገኘሁም። ልብ ይበሉ፣ የአካባቢው ሰው ራስ ደጀን ነው የሚለው። ዳሸን ያልነው እኛ ነን። ባንኩም ቢራውም ዳሸን ከተባለ በኋላ መመለስ ይከብዳል።

ከባሕር ጠለል የተለካ ቁጥር ዓይን ከሚያየው ጋር ሁልጊዜ አይገጥምም። ቡሄ ሲመጣ የምናነሣው ደብረ ታቦር፣ እስራኤል ያለው እውነተኛው ተራራ፣ 575 ሜትር ነው። የእኛዋ ደብረ ታቦር ከተማ 2,700 ሜትር ላይ ተቀምጣለች። ሙሴ ጽላቱን ተቀበለበት የሚባለው የሲና ጫፍ 2,285 ሜትር ነው፤ መስቀል አደባባይ ቆሞ ታክሲ የሚጠብቅ ሰው ከዚያ ይበልጣል። ግን ታቦርን ያየ ሰው ትንሽ ነው አይልም። ዙሪያው ሜዳ ስለሆነ ብድግ ብሎ ይታያል። ኮሎራዶ ያላችሁ ወገኖችም «የሮኪ ተራሮች ከራስ ዳሸን ይበልጣሉ» ስትሉ እሰማለሁ። የሮኪ አውራው ኤልበርት 4,401 ሜትር ነው። አይበልጥም።

ዜሮውን ከባሕሩ በታች ብናወርደውስ? የሃዋዩ ማውና ኬአ ከባሕር ጠለል በላይ 4,207 ሜትር ነው፤ ከስሜኑ ቧሂትም ያንሳል። እግሩ ግን ውቅያኖስ ውስጥ ነው። ከዚያ ሲለካ ከ10,000 ሜትር ያልፋል። ይህ «እግሩ የት ይጀምራል?» የሚል ሌላ ክርክር ስለሚያመጣ ብዙ አልቆይበትም።

ይልቅ ዜሮውን የምድር መሐል ላይ እናድርገው። ምድር ድፍን ኳስ አይደለችም። ስለምትሽከረከር ወገቧ ወፍራም ነው። ከመሐሏ እስከ ምድር ወገብ ያለው እስከ ዋልታ ካለው በ21 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። ስለዚህ ለወገቧ የቀረበ ተራራ ሰገነት ላይ እንደ ቆመ ሰው ነው። በዚህ ሚዛን ኤቨረስት ዙፋኑን ያጣል። አንደኛው የኢኳዶሩ ቺምቦራዞ ነው። ከባሕር ጠለል 6,263 ሜትር ብቻ ነው፤ ከምድር መሐል ግን 6,384.4 ኪሎ ሜትር ይርቃል። ኤቨረስት 6,382.3 ነው።

ኪሊማንጃሮም በዚህ ልክ ኤቨረስትን ከአንድ ኪሎ ሜትር ተኩል በላይ ይበልጠዋል፤ ኬንያም በአንድ ኪሎ ሜትር ያህል ይበልጠዋል። ራስ ዳሸንን ራሴ አሰላሁት። ከምድር ወገብ 13 ዲግሪ ስለሚርቅ ትንሽ ይጎዳል፤ 6,381.6 ይመጣል። ከባሕር ጠለል ሲለካ ኤቨረስት በ4,300 ሜትር ይበልጠው የነበረው፣ እዚህ 700 ሜትር ገደማ ብቻ ነው የሚቀድመው።

ለፈተናው 4,550 ብላ ትጻፍ። መምህሩ አልተሳሳቱም፤ ልጅዎም የፈጠረችው ነገር የለም፣ የቆየ መጽሐፍ አንብባ ነው። ደረጃ ከተጠየቀች ግን «ሩዌንዞሪን አንድ ነው ስድስት የምትቆጥሩት?» ብላ መልሳ ትጠይቅ። ለሜትሩ ጥያቄዋ ደግሞ ይህን ይንገሩልኝ፦ ሜትሩ የሚዘረጋው እዚያ ከሌለ ባሕር ነው፤ ባሕሩ ቢኖር ኖሮ የት ይቆም እንደነበር መጀመሪያ እናሰላለን። «ለምን ከምድር መሐል አትጀምሩም?» ካለች የቺምቦራዞን ታሪክ ያንብቡላት።